ትርፍ ቁልፍና የኮቺ መርከብ

ባለፈው ወር መቀሴን አስረክቤ ከስፌት ቤቱ ወጣሁ። መቀሱ የቤቱ ንብረት ነው፤ ነገር ግን አውራ ጣት የሚገባበት ቀለበት በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ በእኔ ጣት ልክ ተበልቷል። የተረከበችኝ ሰዓዳ ናት፤ የወሎ ልጅ፣ አጠገቤ ባለው መኪና ላይ አሥራ አምስት ዓመት የሰፋች። ጣቷን ከታ ሞከረችውና፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ብረት ስትበዪ ኖረሻል እኮ!» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ደምሴ ካረፈ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥቼ የሳቅኩት ያን ቀን ይመስለኛል።

ደምሴ ባለቤቴ ነው። ካረፈ ዘጠኝ ወር ሆነው። የምጽፈው አጅማን ባለችው ክፍላችን፣ እሱ ይበላባት በነበረችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ነው። ዓይኔም ደክሟል፣ ልቤም ብዙ ቦታ ይቆማል፤ ስለዚህ በቀን ግማሽ ገጽ ከጻፍኩ ይበቃኛል። እንድጽፍ ያደረገችኝ አዲስ አበባ ያለችው ልጃችን ሕሊና ናት። በስልክ፣ «እማዬ፣ የአባዬን የባሕር ኃይል ታሪክ በቃሌ አውቀዋለሁ። አንቺ ግን ምን ስትሠሪ እንደኖርሽ አላውቅም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ስፌት እሠራለሁ ከማለት ሌላ ነግሬያት አላውቅም።

ወደዚህ አረብ አገር የመጣሁት እንደ ብዙዎቻችን በኤጀንሲ ነው፤ ጁሜይራ በሚባል ሠፈር አንድ ቤት ገባሁ። አራት ዓመት ሠራሁ። ማዳም ክፉ አልነበረችም፤ ደመወዜም አልተቋረጠም። አንድ ቀን ከላይ የምትደርበው አባያ ጫፍ በመኪና በር ተይዞ ተቀደደ። ሐር ነበር። የሐሩን ክር ከራሱ ከእጥፋቱ ውስጥ መዝዤ፣ በእጄ ገጣጥሜ ሰፋሁት። ማዳም አላመነችውም፤ ሌላ ልብስ ስታሰፋ ይዛው ሳትዋ ሠፈር ወዳለው ልብስ ሰፊዋ ሄደች። ሰውየው አባያውን ገልብጠው ብዙ ካዩ በኋላ፣ «ይህን የሠራችው ሴት ሳህን ታጥባለች?» አሏት። ማዳም ይህን ስትነግረኝ ትስቅ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ቪዛዬ ተዛውሮ የሳትዋው ስፌት ቤት ገባሁ።

እኚህ ሰው ማስተር ቫርጊስ ይባላሉ። ህንዳዊ ናቸው፤ ኬረላ ውስጥ ኮቺ ከምትባል የወደብ ከተማ። ማስተር የሚባለው ጨርቅ የሚቆርጠው ሰው ነው፤ ሌሎቻችን የምንሰፋው እሱ የቆረጠውን ነው። እኔን «ሞሌ» ይሉኛል፤ በቋንቋቸው ልጄ ማለት ነው። የምንግባባው በተሰባበረ አረብኛና በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነበር። ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ዐቢይ ጾምን እንደኛ ይጾማሉ። በመጀመሪያው ዓመት የምሳ ዕቃዬን ከፍተው ምስሩን አዩና፣ «አንቺም?» አሉኝ፤ ከዚያ ወዲያ በጾም የእሳቸውን የኮኮናት ሽምብራና የእኔን ምስር እየተካፈልን በላን።

ስለ ማስተር ልማድ ብዙ መጻፍ እችላለሁ። ጠዋት ከሁሉ በፊት መርፌ ይቆጥራሉ። መርፌ ከተሰበረ ስብርባሪው ሁሉ ተለቅሞ፣ ወረቀት ላይ ተገጣጥሞ ሙሉ መርፌ ካልሆነ አዲስ አይሰጡም። መቀስ ጨርቅ ውስጥ እያለ ማንም አያናግራቸውም፤ አንድ ጊዜ የሕንጻው ባለቤት መጥቶ ሲጮህ አንድ ሙሉ እጅጌ ቆርጠው እስኪጨርሱ ቀና አላሉም። የተሰፋን ልብስ መጀመሪያ የሚያዩት ገልብጠው ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው ስፌቱን በመዳፋቸው ሳይሆን በእጃቸው ጀርባ ይዳብሱታል። «መዳፍ ሥራ ስለለመደ ሻካራውን ይቅር ይላል፤ ጀርባው ግን አይለምድም» ይሉ ነበር።

ሌላው ልማዳቸው ከግራው የጎን ስፌት ውስጥ የምንሰፋት ቁራጭ ናት። ከቤቱ የሚወጣ ልብስ ሁሉ፣ ሸሚዝ ይሁን ቱታ፣ በውስጥ በኩል የጣት ጥፍር የምታህል የራሱ ጨርቅ ቁራጭና አንድ ትርፍ ቁልፍ ይያዝለታል። በመኪና አይሰፋም፤ በእጅ፣ በላላ ክር፣ ሰውየው ሲቸግረው መቀስ ሳይፈልግ በሁለት ጣቱ ሳብ አድርጎ እንዲያወጣት። ገንዘብ አናስከፍልባትም። ብዙ ሰው መኖሯንም አያውቅም።

ደምሴ ግን አወቀ። አጅማን ውስጥ መርከብ በሚጠገንበት ግቢ የሞተር መካኒክ ነበር፤ እጅጌው የተቃጠለ ቱታ ይዞ መጣ። ሠርቼ ሰጠሁት። እዚያው ቆሞ ገለበጠውና፣ «ይቺ ምንድን ናት?» አለኝ።

«ቁልፍ ቢጠፋብዎ ብለን ነው።»

ቁራጯን በጣቱ ዳሰሰና፣ «ባሕር ላይ ቁልፍ ከጠፋ ወደብ እስክንደርስ በመርፌ ቁልፍ ነበር የምንውለው። ይቺን የሚያስብልን ሰው አልነበረም» አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ምንም ያልሆነ ሸሚዝ ይዞ መጣ። ሰዓዳ ኋላ ታሪኩን ስትሰማ፣ «ምን ጠፍቶት ነው አለ? ልቡ ነዋ!» እያለች ስንት ዓመት አሾፈችብኝ።

ደምሴ ምፅዋ የባሕር ኃይል ሰው ነበር። መንግሥት ሲለወጥ መርከባቸው ወደ የመን ሸሸች፤ እሱም ከየመን በብዙ መንገድ እዚህ ደረሰ። ስለ ባሕሩ ሲያወራ አያማርርም፤ ስለ መለዋወጫ ሲያወራ ግን ያማርር ነበር። መርከቦቹ በግዢ ወይም በስጦታ የመጡ ነበሩ። «አንዲት የፒስተን ቀለበት ከውጭ እስክትመጣ አሥራ አንድ ወር ጠብቀናል» ይላል። «ሞተሩን ፈትቼ መግጠም እችላለሁ። ቀለበቷን ግን አቅልጦ የሚሠራልኝ አገሬ ውስጥ አልነበረም። መርከብ አለን እንል ነበር እንጂ የነበረን ውሰት ነው።»

የሳትዋው ኪራይ ሲወደድ ስፌት ቤቱ ወደ ሻርጃ፣ ፋብሪካዎቹ ወዳሉበት ሠፈር ተዛወረ። ሸሚዝ ቀረና የሥራ ልብስ ሆነ ሥራችን። ትልቁ ትእዛዝ የመጣው እዚያ ነው።

ህንድ ራሷ ነድፋ፣ በራሷ ብረት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ እየሠራች ነበር። ከዚያ በፊት የነበሯት ሌሎች አገሮች የተገለገሉባቸው ናቸው። መርከቧ የምትሠራው ደግሞ እዚያው ኮቺ፣ ማስተር ከተወለዱበት ቤት በእግር በሚደረስ ግቢ ውስጥ ነው። ታናሽ ወንድማቸው እዚያ ብረት በያጅ ነው። አንድ ነጋዴ አውሮፕላን በሚነሳበት የመርከቧ ሜዳ ላይ ለሚሠሩ ሰዎች መለማመጃ የሚሆን ሁለት መቶ አርባ ጃኬት የማሰፋት ሥራ አግኝቶ ወደ እኛ መጣ።

ማስተር ናሙናውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ሲያስረዱን ድምፃቸው እንደ ልጅ ሆነ። መርከቧ ላይ የሞተሩ ጩኸት ሰው አያነጋግርም፤ ስለዚህ ሰው የሚታወቀው በልብሱ ቀለም ነው። ቢጫ የለበሰው አውሮፕላኑን ወዴት እንደሚሄድ ይመራል፤ ቀዩ መሣሪያ የሚይዘው ነው፤ ሌላውም በየሥራው። ጨርቁ በእሳት የማይቀልጥ ነው፤ ክሩም እንደዚያው መሆን አለበት። ስፌቱ ሁለት ጊዜ የታጠፈ፣ የክር ጫፍ የማይታይበት። አንገቱና የእጅጌው ጫፍ ተጭነው ጠቅ ሲሉ በሚዘጉ የብረት ቁልፎች ይያዛል።

«የወንድሜ ብየዳ እዚያ ውስጥ አለ» አሉ። «እኔ ሰባ ሊሞላኝ ነው፤ ዓይኔም እየተዘጋ ነው። አንዲት የእጄ ክር እዚያች መርከብ ላይ ወጥታ ባያት ሌላ አልፈልግም።»

ደምሴ አንድ ምሳ ሰዓት ሊጠይቀን መጥቶ ይህንኑ ነገሩት። እሱም እንደ ልማዱ፣ «ሞተሩስ የማን ነው?» አለ።

ማስተር፣ «ከውጭ» አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ «ለጊዜው!» ብለው ጣታቸውን ቀሰሩበት።

ደምሴ ሳቀ። ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ግን መስኮቱን እያየ፣ «ለጊዜው ማለት የሚችል ሰው የታደለ ነው» አለኝ።

ጨርቁ ሁሉ ተቆርጦ ሳለ የማስተር የዓይን ቀዶ ጥገና ቀን ደረሰና ወደ ኮቺ ሄዱ። ሥራውን ለእኔ ተዉልኝ። «ሞሌ፣ እኔ ያለሁ ይመስል ሥሪ» አሉኝ። እኔም ቃላቸውን ልክ እንደዚያው ያዝኩት።

የመመሪያው ወረቀት እንግሊዝኛ ነበር። በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ አነበብኩት። አንድ መስመር፣ ከልብሱ ላይ የሚንጠለጠል የላላ ነገር አይኑር ይላል። የክር ጫፍ ማለቱ ነው ብዬ የክር ጫፎቹን ሁለት ጊዜ አስፈተሽኩ። ከዚያ ጃኬቶቹ ሲያልቁ፣ በእያንዳንዱ የግራ ጎን ውስጥ ቁራጯን አሰፋሁ፤ ጨርቁና አንድ ትርፍ የብረት ቁልፍ፣ በላላ ክር።

ሰዓዳ አንዷን አንስታ፣ «ወይንዬ፣ ይቺ ወረቀቱ ላይ አለች?» አለችኝ።

«የለችም። ግን ማስተር ቢኖሩ ያስደርጉን ነበር።»

«ማስተር የሉም። ኧረ ተይ፣ ዋላሂ ሙሽኪላ፣ ጣጣ ይመጣብናል።»

«ባሕር ላይ ቁልፍ ቢጠፋባቸው ከየት ያመጣሉ?» አልኳት። በልቤ ያየሁት በመርፌ ቁልፍ የሚውለውን ደምሴን ነበር። ሰዓዳ ትከሻዋን ነቅንቃ ሰፋች።

ጃኬቶቹን ሊረከቡ የመጡት ሰው ድሮ ራሳቸው እንዲህ ባለ መርከብ ላይ ያገለገሉ ጡረተኛ ነበሩ። ነጋዴው መርማሪ አድርጎ የቀጠራቸው ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ መርማሪው ልበላቸው። አንድ ቢጫ ጃኬት አንስተው እንደ ማስተር ገለበጡት። ደስ አለኝ። ከዚያ ቁራጯን አዩ። በሁለት ጣታቸው ሳብ አደረጓት፤ መጣች። ቁልፏን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት። ሁለተኛ ጃኬት፤ ሁለተኛ ቁልፍ። ሦስተኛ፤ ሦስተኛ ቁልፍ።

«ሲስተር» አሉኝ በረጋ ድምፅ፣ «የአውሮፕላን ሞተር ፊት ለፊቱ ያለውን ሁሉ ይስባል። ይቺ ብትገባ ሞተሩ ይፈነዳል። አብራሪው እዚያው ውስጥ ነው ያለው።»

ሦስቱን ቁልፎች በመዳፌ ሰበሰብኳቸው።

መርማሪው አልጮሁም። ቁልፎቹ ቢወጡም ጃኬቶቹን እንደማይቀበሉ ነገሩን፤ ከመመሪያው ውጪ በመርፌ የተወጋ ጨርቅ አያልፍም። ሥራው ወደ ሌላ ቤት ሄደ። ከመውጣታቸው በፊት ግን አንድ ነገር አዘዙኝ። «ሁለት መቶ አርባ ሰፍታችኋል። ሁለት መቶ አርባ ፈትታችሁ ቁጠሩልኝ። የእኛ ሥራ ልማድ ነው፤ የጠፋ ነገር የት እንዳለ ሳይታወቅ አይታደርም።»

ከሰዓዳ ጋር ፈታናቸው። ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ሆነ። ደግመን ቆጠርን፤ ያው ነው። መኪናዎቹን አነሳን፣ ወለሉን በማግኔት ዳበስን፣ ቆሻሻውን ዘረገፍን። የለችም። ሰዓዳ፣ «ኸላስ፣ በቃ፣ ከመደርደሪያ አንድ ጨምሪበትና ሁለት መቶ አርባ በያቸው። ማን ያውቃል?» አለችኝ። ቁልፏን አነሳሁ፤ መልሼ አስቀመጥኳት። አንድ ጎደለ ብዬ ለመንገር ወስኜ ወደ ቤት ሄድኩ።

ደምሴ ያጽናናኛል ብዬ ነበር። አላጽናናኝም። ነገሩን አንድ በአንድ አስነገረኝና ጠየቀኝ፤ «ወለሉን አያችሁ?» አዎ። «ኪሳችሁን?» አዎ። «ጫማሽን አምጪ።»

«ምን?»

«ጫማሽን አምጪ አልኩሽ። ሞተር ክፍል ስንገባ መጀመሪያ የምናየው የጫማችንን ሶል ነበር።»

በሩ ላይ ያወለቅኩትን የላስቲክ ጫማ አመጣሁ። ገልብጦ መብራት ሥር ያዘው። በሶሉ ጥርስ መካከል ቁልፏ ተሰክታ ታበራለች። ከሻርጃ እስከ አጅማን በአውቶቡስ፣ በአስፋልት፣ በደረጃ ይዣት መጥቻለሁ፤ አንድ ጊዜም አልቆረቆረችኝም። ደምሴ በወረንጦ አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖራት።

«አየሽ? ማንም ክፉ አላሰበም። እንዲሁ ነው የምትሄደው።» ቆይቶ ደግሞ፣ «ለእነዚያ የመርከብ ልጆች የሚታዘንላቸው ምንም ባለመስፋት ነው» አለኝ። እጄን አልለቀቀም።

በማግስቱ ለመርማሪው ደወልኩላቸው። ሁለት መቶ አርባ መሆኑን፣ አንዷ ጫማዬ ሥር መገኘቷንም ነገርኳቸው። ሳቁ፤ ሲስቁ የሰማኋቸው ያኔ ብቻ ነው። «ሶሉን ያየው ማነው?» አሉኝ። «ባለቤቴ ነው፤ የባሕር ኃይል ሰው ነበር» አልኳቸው። «ሰላምታዬን ንገሪልኝ» ብለው ስልኩን ዘጉ።

ማስተር አንድ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኖ ተመለሱ። ይህን ቀን ነበር የፈራሁት። ሁሉን ነገርኳቸው፤ ሰዓዳ ከልክላኝ እንደነበርም አልደበቅኩም። አንድ ጃኬት አምጪ አሉኝ። ገለበጡት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ በእጃቸው ጀርባ ከብብቱ እስከ ጫፉ ዳበሱት። የፈታነው ክር የተወው ቀዳዳ ጋ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

«ስፌቱ ጥሩ ነው» አሉ። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። «ቁራጯን እንድትሰፊ አስተማርኩሽ። ለምን እንደምንሰፋት ግን ነግሬሽ አላውቅም። አባቴ ያስደርገኝ ነበር፤ አደረግኩት። እኔም ብኖር ሳላደርገው እቀር እንደነበር አላውቅም፣ ሞሌ።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ጎብጦ የወደቀ ትከሻቸውን አየሁት። ከዚያ በኋላ በሕይወቴ ብዙ ሐዘን አይቻለሁ፤ ያ ትከሻ ግን አሁንም ይታየኛል።

ሁለት ወር ያህል አልፎ መርማሪው ሳይታሰብ መጡ። በቦርሳቸው ወረቀት ላይ የተሣለ ትንሽ ከረጢት ይዘዋል። መርከቧ ላይ አውሮፕላን ከመነሳቱ በፊት ሰዎቹ ሁሉ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ አሉን። ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ አንገታቸውን ደፍተው፣ ቀስ ብለው ይሄዳሉ፤ ያዩትን ጠጠር፣ ብሎን፣ ክር፣ ምንም ይሁን ምን ያነሳሉ። ለዚያ የሚሆን፣ ወገብ ላይ የሚታሰር፣ አንዴ የገባ ነገር የማይወጣበት ከረጢት ይፈልጋሉ። አርባ ብቻ፤ ለሙከራ።

«ሌላ ቤት አልነበረም?» አሉ ማስተር።

«ቤት ሞልቷል» አሉ መርማሪው። ወደ እኔ እያዩ፣ «የጎደለውን ደውሎ የሚናገር ግን ስንት አለ?»

ማስተር በደህናው ዓይናቸው አርባውንም ራሳቸው ቆረጡ። አፉን ሁለቴ አጥፌ፣ ከውስጥ ምላስ አበጀሁለት፤ እጅ ይገባል፣ የገባው ግን ተመልሶ አይወጣም። ደምሴ አንዱን ወስዶ ብሎን ሞላበትና በረንዳው ላይ ገልብጦ አራገፈው። አንድም አልወደቀም። መርማሪው ሲረከቡ ገለበጡ፣ በሁለት ጣታቸው እዚህም እዚያም ሳቡ። ምንም አልመጣም። ሳይናገሩ ፈረሙ።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ቁራጯን መስፋት አላቆመም። ግን ማስተር አንድ ሕግ ጨመሩ፤ ልብሱ የት እንደሚለበስ ሳይጠየቅ አይሰፋላትም።

ማስተር ጡረታ ወጥተው ወደ ኮቺ ገቡ። ዓመታት አለፉ። በኮሮናው ጊዜ አንድ ቀን ስልካችን በቪዲዮ ጮኸ። ማስተር ነበሩ፤ ከውኃው ዳር ቆመዋል። ከኋላቸው እንደ ተራራ ግራጫ ነገር ቀስ እያለ ይሄዳል። መርከቧ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሙከራ ወደ ባሕር እየወጣች ነው። ደምሴ ያን ጊዜ ታሞ ነበር፤ ከአልጋው ተነሳ። ግድግዳውን ይዞ ቀጥ ብሎ ቆመ። ተቀመጥ አላልኩትም።

«ሞሌ!» አሉ ማስተር እየጮሁ፣ «ዓይኔ አይለይልኝም። ላይዋ ላይ ሰው ይታያል?»

«ይታያል፣ ማስተር።»

«ቀለሙ ምንድን ነው?»

«ቢጫ አለ። አረንጓዴም አያለሁ።»

«ወገባቸውስ?»

ስልኩን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት። ሰዎቹ የጤፍ ቅንጣት ያህላሉ። አንዴ ዋሽቶ ማስደሰት ይቻል ነበር። «ይሄን ያህል አይታየኝም፣ ማስተር» አልኳቸው።

ሳቁ። «ጎበዝ! አለ ብትዪኝ አላምንሽም ነበር» አሉ። ከረጢቶቹ መርከቧ ላይ ይውጡ አይውጡ እስካሁን አላወቅንም። ማስተር ግን ወጥተዋል ብለው አምነው፣ ባለፈው ዓመት አረፉ። ደምሴ ተከተላቸው።

ደምሴ ከዚያ በኋላ በሽታው እየጠናበት እስኪሄድ ድረስ ስለዚያ ቀን ያወራ ነበር። ስለ መርከቧ ትልቅነት አይደለም። «ብታረጅም እዚያው ግቢ ትመለሳለች። የሠራት ሰው ልጅ ይጠግናታል» ይል ነበር።

ትናንት ልብሶቹን አወጣሁ። ከቤተ ክርስቲያን፣ ሥራ ለሌላቸው ልጆች ልብስ እየሰበሰቡ ነው። ጫማውን መጀመሪያ ሶሉን ገልብጬ አየሁት፤ ንጹሕ ነው። ሸሚዞቹ ሰባት ናቸው፤ ሁሉንም የሰፋሁት እኔ ነኝ። አንድ በአንድ ገለበጥኳቸው። በሰባቱም የግራ ጎን ቁራጯ አለች፤ አንድም ቁልፍ ጠፍቶበት አያውቅም። በስድስቱ ላይ እንዳለች ተውኳት፤ የሚለብሷቸው ልጆች የሚሄዱት የብስ ላይ ነው።

ከሰባተኛው፣ ከነጩ፣ አንዷን ለራሴ ፈለግኩ። መቀስ የለኝም፤ አስረክቤዋለሁ። በሁለት ጣቴ ሳብ አደረግኳት። ወዲያው መጣች። እንድትመጣ አድርጌ ነበር የሰፋኋት።